የግሊሰሪኑ ጠርሙስ

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ሁለት ቀን ዋልኩ። የሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የኅዳር ውርጭ የደብረ ብርሃንን ሰው እጅ ሁሉ ሰነጣጥቆ ሲያደማ፣ የእኔ ብቻ እንደ ሙሽራ ለስልሶ ነበር።

በከብት ማራቢያ ጣቢያው ወለልና ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። የከብት ሐኪሙ ዘርአ ዳዊት የኮርማ ዘር ከእንቁላል አስኳልና ከግሊሰሪን ጋር ቀላቅሎ፣ ሲከፍቱት ጉም በሚተፋ የብረት ገንቦ ውስጥ ያቀዘቅዘዋል። ኮርማው ቢሞት እንኳ ዘሩ ለዓመታት በሕይወት ይቆያል ይላል። እሱ ይበል! እኔ የማውቀው ግሊሰሪን የእጅ ቅባት መሆኑን ነው። ከጠርሙሱ በጥቂት በጥቂቱ እየቀዳሁ ጎደሎውን በውሃ ሞላሁት።

ሰኞ ዕለት ዘርአ ዳዊት ዘሩን አሙቆ በማይክሮስኮፕ አየ። አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ኮርማው ደግሞ አንኮበር ቁልቁለት ላይ እግሩ ተሰብሮ ታርዷል፤ ሌላ ዘር አልተረፈውም።

«ዘሮቹን ከበረዶ የሚጠብቃቸው ግሊሰሪኑ ነበር» አለ። «ሲያንስ ውሃቸው በረዶ ሆኖ ከውስጥ ይበጣጥሳቸዋል። ሰው ውሃ ጨምሮበታል!»

የክፍሉ ቁልፍ ያለው ዘበኛው የሺጥላ ነውና፣ እሱ ይባረር ተባለ።

የሺጥላን አልወደውም። ስጠርግ ባየኝ ቁጥር «እማማ፣ ቆሻሻውን ነው ወይስ እኛን ነው የሚጠርጉት?» ይላል። ያን ቀን ግን በር ላይ ጠበቀኝ።

«እማማ፣ ጧት ማታ ያዩኛል። እንዳልነካሁ ይመስክሩልኝ። አምስት ልጅ ይዤ የት እገባለሁ?»

«እስቲ ከበሩ ዞር በል!» ብዬው አለፍኩ።

ምን ልበል? ነክቷል ብል ውሸት። አልነካም ብል «ታዲያ ማን ነካ?» ሊሉ ነው። በስድሳ ዓመቴ ሌባ ተብዬ አላውቅም። ቤቴ ብገባ የሱ ፊት፣ ቤተ ክርስቲያን ብሳለም የሱ ፊት።

ረቡዕ በዘርአ ዳዊት ጠረጴዛ ላይ ሁለቱን እጄን ዘረጋሁለት።

«የወሰድኩት እኔ ነኝ። እንዲህ የሚያስለቅስህ ከሆነ ለምን አትቆልፍበትም ነበር?»

ፊቱ ጠቆረ። «እማማ፣ የሺጥላ ይባረር ያልኩበት ደብዳቤ አዲስ አበባ ሄዷል። ደግሞ የጠርሙሱን ቁም ሳጥን ሳልቆልፍ የተውኩት እኔ መሆኔ ይታወቅብኛል። ይተዉት።»

«ሌላ ጻፍ። የተማርከው አንተ አይደለህ?»

እየተነጫነጨ ጻፈ። አነበበልኝም፤ ስሜም ጥፋቴም አለበት። የጣት ቀለሙን አቀረበልኝ። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት። የጻፈው ያነበበልኝን ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? በጣቢያው ከሱ ሌላ ፊደል የለየ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ድሮ ዲያቆን የነበረ።

«የሺጥላ!» ብዬ ተጣራሁ።

መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ወረቀቱን ሰጠሁት። «ጮክ ብለህ አንብብልኝ። አንድ ቃል እንዳትዘል።»

«እኔ ለተጊዮርጊስ...» ብሎ ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ላይ፣ «ግሊሰሪኑን የወሰድኩት» የሚለው ጋ ሲደርስ ድምፁ ቆመ። ቀና ብሎ አየኝ። በሩን እንደሞላው ነው፤ መውጫ የለኝም።

«ምን አፈጠጥክብኝ?» አልኩት። «ቀጥል።»