በልጄ ኪስ የተገኙት ሮዝ ክኒኖች

የልጄን ካፖርት ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ ሁለት ሮዝ ክኒኖች አገኘሁ። ልጄ ኒንከ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ሆላንድ አገር፣ ግሮኒንገን ከተማ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ የነዳሁ ሴት ነኝ፤ በቀላሉ አልደነግጥም። ያን ቀን ግን ደነገጥኩ።

ሽንት ቤት ልጥላቸው ስል ከኋላዬ ደረሰች።

«እማዬ ተይ፣ እንዳትጥያቸው!»

«ታዲያ ምን ላድርጋቸው? ከሻይ ጋር ላቅርብልሽ?»

«ላስመረምራቸው ነው። ዛሬ ቀጠሮ አለኝ። ምን እንዳለበት ሳላውቅ አልውጥም።»

ሰው ስሙን ሳይናገር የገዛውን ዕፅ የሚያስመረምርበት ቢሮ ከተማችን ውስጥ አለ። በየቀኑ በበሩ አልፋለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም።

«አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት።

«እናቷን ይዛ መጣች ብለው ይሳቁብኝ?»

«ይሳቁ።»

ማንም አልሳቀም። ባውከ የሚባል ሽበታም መርማሪ አንዷን ክኒን መዘናት፣ ለካት፣ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለጋት። የልብ ሕመም እንዳለባት፣ ሌላ መድኃኒት እንደምትወስድ ኒንከን ጠየቃት። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ኤክስታሲ የሚሉት የጭፈራ ዕፅ ነው ብለው ነው የሸጡልሽ?»

«አዎ።»

«አይደለም። ባለፈው ሳምንት እንደዚችው ያለች ክኒን ላቦራቶሪ ልከን ነበር፤ ውስጧ ሌላ ዕፅ ነው የተገኘው። ይሄ ቶሎ አይሠራም። ሰው አልሠራልኝም ብሎ ሁለተኛ ይደግማል፤ ከዚያ ሰውነቱ እሳት ይሆናል። የሞቱበት አሉ።»

ኒንከ አመድ መሰለች። «ዮሪት!» አለች።

ዮሪት አብሮ አደጓ ነው፤ ከዚያው ሰው ገዝቶ ከከተማው ውጭ ሐይቅ ዳር ወዳለው ጭፈራ ከሰዓት በኋላ ሄዷል። ደወለች፤ አላነሣም። ደገመች። በሦስተኛው ከሙዚቃው ጋር ድምፁ መጣ።

«ስንት ወሰድክ?»

«አንድ። ዱቄት ነው የሸጠልን! ሌላዋን ልደግም ነው።»

«እንዳትውጣት! መርዝ ናት!»

«እናትሽ ናት የላከችሽ?» ብሎ ሳቀ።

ስልኩን ነጠቅኳት። «አዎ፣ እናቷ ነኝ! አሁኑኑ እዚያው ጭፈራው ቦታ ያለው የሕክምና ድንኳን ሂድ፣ የወሰድከውን ሳትደብቅ ንገራቸው። ማንም አያስርህም።»

ሳቁን አቆመ። «እሺ፣ አይቆጡ። እንዲያውም... ሙቀት እየተሰማኝ ነው።»

ባውከ ለድንኳኑ ሐኪሞች ደወለላቸው። እኛ ስንደርስ ዮሪት በላብ ተጠምቆ፣ በረዶ በብብቱ ይዞ ተኝቷል። ሆስፒታል ወሰዱት፤ በማግሥቱ በእግሩ ወጣ። ያከመችው ሐኪም ሁለተኛዋን ቢውጥ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ለመናገር አልፈለገችም። የድንኳኑ ሐኪሞች የክኒኗን ፎቶ የጭፈራው መግቢያ ላይ ለጥፈው ስለነበር ሰባት ሰዎች የያዙትን አምጥተው አስረከቡ።

ከሆስፒታሉ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ለማንም ያልነገርኩትን ነገርኳት።

«እኔም በአንቺ ዕድሜ እንዲህ ያለ ክኒን ውጬ አውቃለሁ። ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኩም።»

«አንቺ?» አፏን ከፈተች። «አንቺ በቀይ መብራት የሚያቋርጥ እግረኛ የምትቆጪው?»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መንገዱ ዳር አቆምኩ።

«ውሰጂ አልልሽም፤ ባትወስጂ ደስ ይለኛል። ግን ዕድሜሽ ደርሷል፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። ብቻ ሳታስመረምሪ እንዳትነኪ፣ ብቻሽን እንዳትሆኚ፣ ከእኔም አትደብቂ።»

«አልደብቅሽም» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዮሪት ጋር ልትጨፍር ሄደች። ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። ምንም እንዳልወሰደች ሳልጠይቃት ነገረችኝ፤ አመንኳት።