የቄሱ የንስሐ አባት

«ነገ የሠልስቱን ቅዳሴ እርስዎ ነዎት የሚገቡት፤ ሌላ ሰው አልፈልግም» አሉ ወይዘሮ ፈለቀች፣ የቄስ ቀናውን እጅ ከድንኳኑ መግቢያ ላይ እንደያዙ። ዓይናቸው ከልቅሶ ብዛት አብጧል። «እሱስ ቢሆን ከእርስዎ ሌላ ማንን ይፈልግ ነበር?»

ቄስ ቀናው «እሺ» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት ስትለምን እምቢ አይባልም። ግን ቃሉ ከአፋቸው እንደወጣ ፈሩ።

ሟቹ ቄስ ኦልጅራ ናቸው። ከአቃቂ ወንዝ ማዶ ጤፍና ሽምብራ እያረሱ፣ በሰንበት እየቀደሱ ያረጁ ገበሬ ቄስ ነበሩ። ለቄስ ቀናው ደግሞ የንስሐ አባታቸው። የሰውን ኃጢአት የሚሰማ ቄስ የራሱን ለሌላ ቄስ መናዘዝ አለበት፤ ነውሩን ተሸክሞ ቤተ መቅደስ አይገባም። ጠንቋይ ለራሱ አያውቅም ይባል የለ? ተረቱ ለቄስ አይመጥንም፣ ይቅር ይበለኝ፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ለቀስተኛው ይገባል፣ ይወጣል። ሁሉም «አባታችን፣ እስቲ አጽናኑን» ይላል። ቄስ ቀናው ሁለት ቀን ሙሉ አጽናኑ። «እርስዎንስ እግዜር ያጽናዎ» ያለ ግን አልነበረም፤ ከባለሱቁ ከታጁ በቀር። ታጁ ስኳር ይዞ መጥቶ ጎንበስ አለና፣ «አባ፣ ጓደኛዎ ነበሩኮ፤ አላህ ያጽናዎ» አላቸው። ቄስ ቀናው ስኳሩን በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።

ከኋላቸው አቻምየለሽ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፈትል ክፍል የምትሠራው፣ ለጎረቤቷ ታንሾካሹካለች።

«ሊያርፉ ሲሉ ቄስ ቀናውን አስጠርተው ነበር አሉ። ቄስ ሳህሌ ሄደው ቢያንኳኩ ቢያንኳኩ፣ የሚከፍት ጠፋ።»

«ቤት አይኖሩማ።»

«እንጃ! በሩ ከውስጥ የተቀረቀረ ነው የሚሉ አሉ።»

ንፍሮው በቄስ ቀናው አፍ ውስጥ አልላመጥ አለ። ቤት ነበሩ።

ፋብሪካው ሲከፈት ሰው ከየአገሩ ወደ አቃቂ ጎርፎ ነበር። ዘመድ የለው፣ ጎረቤት የለው፤ ሁሉም የንስሐ አባት ፈላጊ ነው። ቄስ ቀናው የተማሩ፣ ድምፃቸውም የሚያባባ ነበርና ብዙው ወደሳቸው ሄደ። የፈረቃው ጡሩንባ በጮኸ ቁጥር ደጃቸው ይሞላል። ጣቶቹን ማሽን የበላው ይመጣል፣ ልጇን አገር ቤት ጥላ የኮበለለችው ትመጣለች። የሰሙትን ለማንም አይናገሩም። ሆድ ይፍጀው ነው። ሆድ ግን አንድ ቀን ይሞላል፤ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ማታ ማታ አብሯቸው ዝም የሚል ሰው እንኳ አልነበረም። እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ብለው አንድ መለኪያ አረቄ ጀመሩ። መለኪያው ጠርሙስ ሆነ።

ይህን ለቄስ ኦልጅራ የነገሯቸው ከሽምብራው ማሳ ላይ ነው። ሽማግሌው ማረማቸውን ሳያቋርጡ ሰሟቸው።

«ሺህ ስግደት ይዘዙብኝ» አሉ ቄስ ቀናው።

«ስግደትማ ብቻህን ነው የምትሰግደው» አሉ ሽማግሌው። «አንተን የጎዳህ ብቻህን መሆንህ ነው። ራትህን ከእኔ ጋር ትበላለህ። ቀኖናህ ይኸው ነው።»

ቄስ ቀናው በጋውን ሙሉ ወንዙን እየተሻገሩ ራታቸውን እዚያ በሉ። ወይዘሮ ፈለቀች ሹሮውን ያቀርባሉ፣ ሽማግሌው ስለ በሬያቸው ያወራሉ፣ ቄስ ቀናው ይስቃሉ። አረቄውም ተረሳ። ክረምት ሲገባ ግን አንድ ክፉ ማታ መጣ፤ ቀመሱ። አፈሩ። «ወንዙ ሞልቷል» ብለው ቀሩ። ወንዙ ጎደለ፣ ሰበቡም አለቀ፣ እሳቸው ግን አልሄዱም።

ሳህሌ ያንኳኩ ዕለት ጠርሙሱ ጉልበታቸው ላይ ነበር። «ቄስ ቀናው! አባ ኦልጅራ ይጠሩዎታል!» ሲባል ሰሙ። ትንፋሻቸው ይሸታል። በዚህ አፍ የሚሞት ሰው ፊት ይቀርባል? የሳህሌ ኮቴ ከደጅ እስኪርቅ ድረስ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ሲነጋ መርዶው መጣ።

አሁን ነገ አለ። ከነነውራቸው ቢገቡ ድፍረት ነው። እምቢ ቢሉ ደግሞ የአቻምየለሽ ሹክሹክታ አዋጅ ይሆናል። ብቸኛው የሚያናዝዛቸው ሰው አፈር ገብቷል። በደብሩ ሌላ ቄስ የቀረው ሳህሌ ብቻ ነው። ከሳህሌ ጋር ደግሞ «የንስሐ ልጆቼን ወሰዱብኝ» እየተባባሉ፣ ገበያተኛ እንደተሻሙ ነጋዴዎች ተኮራርፈው ነው የኖሩት። ሳህሌ ያን ዕለት አረቄው ሸቷቸው ይሆን? ለስንት ሰው ነግረው ይሆን?

የማታው ፈረቃ ጡሩንባ ጮኸና ድንኳኑ ሳሳ። ቄስ ሳህሌ ከቤቱ ጓሮ፣ ከጭድ ክምሩ አጠገብ ግንድ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ቄስ ቀናው ወደሳቸው ሄዱ።

«ያን ዕለት ቤት ነበርኩ» አሉ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ።

«አውቃለሁ። አረቄው እስከ ደጅ ይሸት ነበር።»

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። ለአባ ኦልጅራም ቢሆን የሉም አልኳቸው።» ቄስ ሳህሌ ከክምሩ አንድ ጭድ መዘዙ። «አላመኑኝም። ‹ነገ ደግመህ አንኳኳለት› አሉኝ። ነገን አላዩም እንጂ።»

ቄስ ቀናው ጥምጣማቸውን አወለቁ።

«ያናዝዙኝ» አሉ። «የንስሐ አባት ይሁኑኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

ቄስ ሳህሌ ሁሉንም ሰሙ፤ ጠርሙሱን፣ በሩን፣ ቅናቱንም ጭምር። ሲጨርሱ «ነገ ቤተ መቅደስ አይገቡም» አሉ። «ከጎረቤት ደብር ቄስ ጠርቼ እኔ እቀድሳለሁ። እርስዎ ከሕዝቡ ጋር ውጭ ይቆማሉ።»

«ወይዘሮ ፈለቀችን ምን ልበላቸው? ሰውስ ምን ይላል?»

«ለእሳቸው እውነቱን ይንገሯቸው። ሰው ያሻውን ይበል።»

ቄስ ቀናው በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እፍረቱ አልለቀቃቸውም፤ ፍርሃቱ ግን ትንሽ ላላ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» መባልን እየጠበቁ አጎነበሱ። የሚሰማ ቃል የለም። ቀና ሲሉ ሳህሌ እንባቸውን በነጠላቸው ያብሳሉ።

«የእኔም የንስሐ አባት እሳቸው ነበሩ» አሉ ቄስ ሳህሌ።

«መቼ ይመጡ ነበር? አንድም ቀን አላየሁዎት።»

«ጠዋት ጠዋት። ስለ እርስዎ አንዲት ቃል ተንፍሰውልኝ አያውቁም።»

ከድንኳኑ ውስጥ «አባታችን የት ሄዱ? ለቀስተኛ መጥቷል!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቄስ ሳህሌ ከግንዱ ወርደው፣ አባቱ እንደሞተበት ልጅ ባዶ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ቄስ ቀናውም ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጠገባቸው ተቀመጡ።