መብረቅ ለእኛ የተወልን ቦታ

አባዬ ሶፋ ይሠራል። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ካቋረጥኩ ወዲህ ጨርቅ እቆርጥለታለሁ፣ ስፖንጅ እለካለታለሁ፣ ስህተቱንም እነግረዋለሁ። የመጨረሻዋን ሥራ ማንም አልሰጠኝም፤ ራሴ ነኝ የያዝኳት።

እሁድ ከሰዓት ሱቁ ይዘጋል። አባዬ ጫማውን ወልውሎ፣ የተረፈችውን ጸጉሩን አበጥሮ፣ ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው አዳራሽ ይሄዳል። እዚያ የሚጫወተው ባንድ ፈንክ የሚባለውን የጭፈራ ሙዚቃ ለከተማችን መጀመሪያ ያሰማ ነው። "ከነሱ በፊት ሰው ሙዚቃ የሚሰማው ተቀምጦ ነበር" ይላል አባዬ፣ ሶፋ ሠሪ ሆኖ መቀመጥን ሲያንቋሽሽ ትንሽ እንኳ አያፍርም። እኔን ገና ጥርስ ሳላወጣ ነው በትከሻው ተሸክሞ መውሰድ የጀመረው። እማዬ ስትጠራኝ ሳልሰማ ስቀር "ጆሮሽ ያኔ ነው የተበላሸው" ትለኛለች።

ባንዱን የያዙት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ መብረቅ የምንለው ድራመሩና ቤዝ ጊታር የምትጫወተው ሚስቱ። እሷን እትዬ ቤዝ እንላታለን፣ ግን አንቱ አንላትም። መድረክ ላይ የወጣ ሰው የሁሉም ነው ይላል አባዬ። ቤታቸው ተኳርፈው ይውሉና መድረክ ላይ ይታረቃሉ እየተባለ ይወራ ነበር። እውነትም ስትጀምር ጀርባዋን ሰጥታው ነው። ዘፈኑ ሲጋጋል ቀስ እያለች ትዞራለች። ፊት ለፊት ሲተያዩ መብረቅ ሁለት ምት ይመታና የድራም መምቻ ስቲኮቹን አየር ላይ ይይዛቸዋል። ያን ጊዜ የምናጨበጭበው እኛ ነን። እንደገና ይመታል፣ እንደገና ያቆምልናል። ካሴታቸው በየቤቱ አለ፤ ሰው ግን እሁድ እሁድ ዝናብም ቢሆን የሚመጣው ለዚያች ነገር ነበር።

መብረቅ ሳንባውን ታሞ ሞተ። አባዬ ያን ሰሞን ከሚስማሩ ይልቅ ጣቱን ነበር የሚመታው። እኔም አንዴ እንኳ አላሾፍኩበትም።

በእሱ ቦታ የጋራዡ ጎሚስታ መጣ። ቀን ቀን ጎማ የሚለጥፍ፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው፤ ድራም የተማረው የባንዱን ካሴት ክሩ እስኪላላ እየሰማ ነው። መጀመሪያ በተጫወተበት እሁድ አንድም ምት አልሳተም። ግን እጃችንን ባነሳን ቁጥር ድራሙ ቀደመን። ልትቀመጪ ስትይ ወንበርሽን ከስርሽ እንደሚስቡብሽ ነበር። ምን እንደጎደለ ማንም አልገባውም፤ ሰው "ይሄ ሰውዬ አይሆንም" እያለ ወጣ። እትዬ ቤዝም ዘፈኑ ሳያልቅ አቆመችው።

በሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ጎሚስታውም መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። እትዬ ቤዝ ማይኩን ያዘችና እንዲህ አለች፦

"በእሱ ወንበር ሌላ ሰው ማየት አልቻልኩም። ዛሬ ያለ ድራም እንሞክራለን። ካልሆነ ይሄ የመጨረሻችን ነው፤ አዳራሹንም ለባለቤቱ እንመልሳለን።"

የሁሉም ሰው ፊት ዓመድ መሰለ። አባዬ ግን ከፊት ተነሳ።

"እትዬ፣ እኛ እያለን? እያንዳንዷን ምቱን በቃላችን እናውቃታለን! ድራሙን በእጃችን እናጨበጭብልሻለን!"

"ታውቁታላችሁ?"

"ከስማችን በላይ!"

ጀመረች። አጨበጨብን። ምን ልበላችሁ፣ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የወረደ ነው የመሰለው። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይጎተታል። አባዬና አጠገቡ ያለው ባለታክሲ ዓይን ለዓይን ተፋጠጡ።

"አንተ ነህ የምታበላሸው!" አለ አባዬ።

"እኔ? መብረቅን ድንች የሚያራግፍ ሰው ያስመሰልከው አንተ!"

"እሱ እንደዚህ ነበር የሚመታው!"

"የት? በሕልምህ?"

እትዬ ቤዝ መዳፏን ክሮቹ ላይ አሳረፈች።

"አታውቁትም" አለች። ብትቆጣ ይሻል ነበር፤ አልተቆጣችም። ጎንበስ ብላ የጊታሩን ገመድ ከአምፕሊፋየሩ ልትነቅል ያዘችው።

አባዬን አየሁት። ያ ሰፊ ትከሻው ወርዶ ትንሽ ልጅ አክሏል። "ዕድሜዬን ሙሉ ስሰማው ኖሬ" አለ ለራሱ፣ "እንዴት አንዲት ምት እንኳ አልያዝኩም?" አባዬን እንደዚያ ሳየው ደግሞ አፌ አያርፍም።

"እንዴት ትይዛለህ? እናንተ የምታውቁት የራሳችሁን ነው!"

"ዝም በይ አንቺ!"

"ዝም አልልም! እሱ ሲመታ መቼ አጨብጭበህ ታውቃለህ? እሱ ሲመታ አፍህን ከፍተህ ታየዋለህ። የምታጨበጭበው ሲያቆም ነው።"

የእትዬ ቤዝ እጅ ገመዱ ላይ ቀረ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ምላሴን ልውጥ ምንም አልቀረኝም።

"እስኪ" አለች፣ "የሱን ተዉት። የራሳችሁን ብቻ።"

መጀመሪያ ፈራ ተባ አልን። ከዚያ አባዬ ሁለቴ አጨበጨበ፣ ሁላችንም ተከተልነው። ዝም። አንዴ። ረጅም ዝምታ። ሦስቴ። ማንም ሳይመራን ሁሉም እኩል ቆመ፣ እኩል ጀመረ። ዝም ስንል ሁላችንም የምንጠብቀው አንድ ሰው ነበር፤ ምቱ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ እጃችን ያውቀዋል። ባለታክሲው ከንፈሩን ነክሶ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

እትዬ ቤዝ ዓይኗን ጨፍና ገባች። ጣቶቿ ዝምታው ውስጥ ገብተው ሄዱ። ዘፈኑ ሲጋጋል እንደ ልማዷ ቀስ እያለች ዞረች። ባዶውን ወንበር አየችው። ጣቷ ቆመ። እኛ ግን አላቆምንም፤ ማቆም ፈራን። እሷም ትንሽ ቆይታ ወንበሩን እያየች ቀጠለች፣ እስከ መጨረሻው።

ሲያልቅ ከበሩ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

"ካሴቱ ላይ እኮ ይሄ የምታጨበጭቡበት ቦታ በድራም ሙሉ ነው።" ጎሚስታው ነበር፤ ኮፍያውን በእጁ ይጨመድዳል። "ሲቀዱ ሰው አልነበረም፤ ሁሉንም መብረቅ ራሱ ሞልቶታል። አላወቅኩም ነበር እትዬ። ባለፈው እሁድ በሰው እጅ ላይ ነው ስመታ የነበርኩት።"

እትዬ ቤዝ ወንበሩን አየች፣ እኛን አየች።

"ና" አለችው።

ሰው መንገድ ለቀቀለት። ወንበሩ ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው፣ እንግዳ ቤት እንደገባ ሰው።

"እኔን አትይ። ካሴቱንም እርሳው። እነሱን ስማ፣ የት እንደምትገባ ይነግሩሃል። ደግሞ እሱን ልሁን እንዳትል።" ጊታሯን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። "እሱ ሞቷል።"

ያቺን ቃል ከአፏ ስትወጣ የሰማነው ያን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ "እሱ በሌለበት" ነበር የምትለው።

ጀርባዋን ሰጥታው ጀመረች። ጎሚስታው ገባ፣ ሁለት መታ፣ ስቲኮቹን አየር ላይ ያዛቸው። አባዬ ማጨብጨብ አቅቶት ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ነበር። ስለዚህ በእሱም ፋንታ አጨበጨብኩ፣ መዳፌ እስኪቃጠል።