ኮምፒውተሩ አለ ይላል

አለ ይላል፣ ኮምፒውተሩ መጽሐፉ አለ ነው የሚለው፣ ጋሽ ሽበሺ ሁለቴ ጠቅ አድርገው ሁለቴ አለ ብሏቸዋል፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ የለም፣ ታዲያ ከሁለቱ የሚዋሸው ማነው፣ ነጅላ መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆማለች፣ ልጇ ሩፈይዳ ጀርባዋ ላይ እግሯን ታወናጭፋለች፣ ዛሬ ልጅ ይዤ መጣሁ ይቅርታ ብላ ጠዋት ነግራቸዋለች፣ የምትይዝላት ጎረቤቷ ሰርቦ ከተማ ለቅሶ ሄዳ ነው፣ እሺ፣ ግን ብታለቅስ ወዮልሽ፣ ቤተ መጻሕፍት ነው ይሄ፣ ብለዋታል። የሳቸው ስጋት የልጅ ለቅሶ ነው። የነጅላ ግን የልጇ ዝምታ።

ዓመት ከስምንት ወር። አንዲት ቃል የለም። የባሏ እናት ምን አስቸኮለሽ ይላሉ፣ አባቷም አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው፣ ልጅ እንደ ቡና ነው፣ ጊዜው ሲደርስ ይቀላል፣ ሱብሃነላህ፣ እሺ እማ፣ ግን ቡና ሲጠሩት አይዞርም፣ ልጅ ሲጠሩት ይዞራል፣ ይሄን አፏ ድረስ አምጥታ ዋጠችው፣ ለአማት እንዲህ አይባልም። አንዳንዴ ትሰማለች፣ አንዳንዴ አትሰማም፣ ወይ እናት የምትመኘውን ነው የምታየው፣ አላህ ነው የሚያውቀው፣ እሷ ደግሞ ማወቅ ፈልጋለች። ዛሬ። ነገ አይደለም።

ለዚህ ነው ጠዋት ቧንቧው ጋ ለአቢጊያ የነገረቻት። አቢጊያ የጤና ተማሪ ናት፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ነጅላ ወለሉን ስትወለውል እግሯን የምታነሳ ብቸኛዋ ተማሪ፣ ሌሎቹ እንደ ወንበር ናቸው፣ ካልገፏቸው አይንቀሳቀሱም። አቢጊያ ሰምታ ሰምታ፣ ነጅላዬ፣ ይሄ እኮ የሚታወቅበት መንገድ አለው፣ የሕፃን ጆሮ እንዴት እንደሚፈተን በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ አለ፣ እዚሁ፣ እኛው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። እዚሁ! ነጅላ በየቀኑ አቧራውን በምታራግፈው ቤት!

መጀመሪያ በስልክ ሞከሩት፣ ኤሌክትሮኒኩም አለ፣ የኮሌጁ ዋይፋይ ከያዘልን ይከፈታል፣ አቢጊያ የይለፍ ቃሏን አስገባች፣ ሽፋኑ ወጣ፣ ከዚያ ያች ክብ መዞር ጀመረች፣ ዞረች፣ ዞረች፣ ጽሑፉ መጣ፣ የሥዕሉ ቦታ ላይ ግን ባዶ ሳጥን። ለነጅላ ደግሞ የሚጠቅማት ሥዕሉ ነው፣ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ አማርኛውንም ፊደል በፊደል ነው የምትለቅመው፣ እንግሊዝኛውማ ተዪው፣ ቁጥር ላይ ግን ማንም አያታልላትም። ቆይ ግን ይሄ ኤሌክትሮኒክ የሚባለው መጽሐፍ የት ነው የሚቀመጠው፣ ስልኩ ውስጥ ነው፣ አየር ላይ ነው፣ አቧራ አይዘውም፣ ማነው የሚወለውለው፣ ለመጠየቅ አፈረች፣ ኋላ ጠየቀች። ዛሬ አልተወለወለም መሰለኝ፣ ይኸው ሥዕሉ አልታይ አለ፣ አለች አቢጊያ፣ ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ በሩ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር። ነጅላ ጀርባውን እንጂ ፊቱን አይታው አታውቅም፣ ጀርባው ብዙ አቧራ ይይዛል። አቢጊያ ጻፈችለት፣ ዝርዝር አወጣ፣ በመጨረሻ ቁጥር ሰጣት፣ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ነጥብ ስምንት። ምንድነው ቁጥሩ፣ ዋጋው ነው? ኧረ ሰፈሩ ነው! ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ቀበሌው ነው በይ፣ ነጥብ ስምንት የቤት ቁጥሩ፣ እያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባው ላይ ነጭ ወረቀት አለችው አይደል፣ እሷ ላይ ተጽፏል። ነጅላ ያችን ነጭ ወረቀት ታውቃታለች፣ ስትላላ በጣቷ ትጫናታለች፣ አድራሻ ናት አላለችም ነበር። ጥርስ ነጥብ ስድስት ነው፣ ዓይን ነጥብ ሰባት፣ ጆሮ ነጥብ ስምንት። ማሻአላህ፣ ፊት ላይ ጎረቤት እንደሆኑ እዚህም ጎረቤት ናቸው! አፍንጫስ፣ አፍንጫ የት ሄደ? አቢጊያ አታውቅም። ማን ነው ሁሉንም እንዲህ ቦታ ቦታ ያስያዘው፣ እነነጅላ ሰፈር ቦሳ አዲስ ውስጥ እንኳ የቤት ቁጥር ጠይቆ የሚያገኝ የለም፣ ከሱቁ ጀርባ፣ ከባጃጁ ፌርማታ ዝቅ ብሎ ነው እየተባለ ነው።

እና ሮጡ ወደ ጤናው መደርደሪያ፣ ነጅላ ቀደመች፣ ነጭ ወረቀቷን እያነበበች፣ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ጎኑ ሦስት መቶ ሰባ፣ ጎኑ ስድስት መቶ አርባ አንድ፣ ምንድነው ይሄ፣ ስድስት መቶ አሥር፣ ሰፈሩ ተበጥብጧል፣ ሰዉ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ

እሷ ናት።

ያ ረቢ። እሷው ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ፣ ነጅላ ቤቱን አሳምሪው ተባለች፣ እሷም መጻሕፍቱን አውርዳ አቧራቸውን አራግፋ መለሰቻቸው፣ አጎቷ ሄርማታ መርካቶ ገበያ ባለው የጨርቅ ሱቁ ውስጥ እንዳስተማራት አድርጋ፣ ጣቃውን በስፋቱ ለዪው ልጄ፣ ሰፊው ከታች፣ ጠባቡ ከላይ፣ ከዚያ ቀለም ከቀለም አጋቢ፣ ያልተደረደረ ሱቅ ደንበኛ አይገባበትም። አምስት ሙሉ መደርደሪያ። ማንም ሳይረዳት። እንግዶቹ ገብተው እንዴት ያምራል አሉ፣ ጋሽ ሽበሺም ለምስጋናው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ነጅላ በሩ ጥግ ቆማ ደስታዋን በሻሿ ሸፈነች።

አሁን ግን ጋሽ ሽበሺ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መጥተዋል፣ አቢጊያ ላይ ጣታቸውን ይቀስራሉ፣ እናንተ ናችሁ፣ ፈተና ሲደርስ ሌላ እንዳያገኘው ትደብቁታላችሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ መጽሐፍ በቦታው አላገኘሁም፣ ካርድሽን አምጪ፣ ጋሼ ኧረ እኔ ምን አደረግኩ፣ ካርድሽን አልኩ! ካርዷን ከወሰዱባት አትገባም፣ ካልገባች ለነጅላ መጽሐፉን ማን ያነብላታል፣ ዝም ብትልስ፣ ዝም ብላ ማታ ብቻዋን ቁጥሩን እያነበበች ብትፈልገው፣ ስንት መጽሐፍ ነው፣ ሺህ ይሆናል፣ ብትናገርስ ከሥራ ትባረራለች፣ ውሏ ደግሞ በዚህ ወር ነው የሚያልቀው፣ ሩፈይዳ ጀርባዋ ላይ ትሞቃለች፣ ትንሽ ምድጃ፣ አንቺ ዝም ትያለሽ እኔም ዝም እላለሁ፣ ማነው ታዲያ የሚናገረው

እኔ ነኝ ጋሼ።

ምኑን?

እኔ ነኝ በስፋቱ ያደረኩት። በስፋትና በቀለም። እንግዳ የመጣ ጊዜ።

ጋሽ ሽበሺ መደርደሪያውን ያያሉ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ከሰማያዊው እስከ ቀዩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ሰው፣ ሃያ ሁለት ዓመት፣ አሉ፣ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ስኖር መጻሕፍትን እንደ አቡጀዲ የደረደረ ሰው አላየሁም! ይቆጡኝ ጋሼ፣ ይስደቡኝ፣ አለች ነጅላ፣ ግን ማሎ፣ እባክዎ፣ መጀመሪያ እሱን መጽሐፍ እናግኘው፣ ለልጄ ነው፣ አትሰማ ይሆናል። አቢጊያ ክንዷን ያዘቻት። ሽማግሌው ጣታቸውን አጠፉ።

እሺ፣ አሉ፣ እሺ፣ የት ነው እንግዲህ የምናገኘው፣ ቀለሙን ኮምፒውተሩ አያውቅም። ነጅላ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች፣ ፊቱን አጥብቃ አየችው፣ ሌላ ቁጥር ካለ፣ ምን አለ ሌላ፣ ዓመቱ፣ ገጹ፣ ከዚያ ከሁሉ ታች አንዲት ትንሽ ቁጥር፣ ይሄ ሃያ አራቱ ምንድነው አቢ? እሱ፣ እ፣ ቁመቱ መሰለኝ፣ ሳንቲሜትር፣ ማንም አያየውም። ማንም አያየውም? ጨርቅ ሻጭ ታየዋለች እንጂ! ያንን ቀን እንደ ጨርቅ ስፋት አድርጋ የለካችው የመጽሐፉን ሁሉ ቁመት ነው፣ በስንዝሯ፣ ስንዝሯ ሃያ ነው፣ አጎቷ በሜትር እንጨቱ ለክቶ ነግሯታል፣ ስንዝር ከሁለት ጣት ሃያ አራት፣ ስንዝር ከሁለት ጣት የሆኑትን ደግሞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው ያደረገቻቸው፣ ከታች ሦስተኛው፣ ዋላሂ እዚያ ነው፣ እሷ ተንበርክካ ከግራ ጀመረች፣ አቢጊያ ከቀኝ፣ ጋሽ ሽበሺም ጉልበታቸውን እየረገሙ ተንበረከኩ፣ ስድስት መቶ አሥር፣ ሁለት መቶ ዘጠና፣ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ነጥብ ስድስት፣ ጥርስ ነው ጥርስ ነው፣ እለፊው፣ ስድስት መቶ አሥራ ሰባት ነጥብ

ስምንት። አረንጓዴ። እንዲህ ስስ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የሚያውቅ መጽሐፍ።

ሥዕሉ አለ። ባዶ ሳጥን አይደለም፣ እናት ወንበር ላይ፣ ልጅ ጭኗ ላይ፣ አንድ ሰው ከፊት አሻንጉሊት ያሳያል፣ አንድ ሰው ከኋላ፣ ልጁ በማያየው በኩል፣ እጁ ላይ የሚንሿሿ ነገር። ነጅላ ሳያነቡላት ገባት። ከፊት እኔ ልሁን፣ አሉ ጋሽ ሽበሺ፣ የልጅ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ የመነጽራቸውን ቤት አወጡ፣ ጠቅ አድርገው ከፈቱት፣ ከዚያ ወደ አዳራሹ ዞረው ጸጥታ! ብለው ጮኹ፣ ከሳቸው በቀር የሚጮህ አልነበረም። ነጅላ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ ወንበር ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት፣ አቢጊያ የሻይ ብርጭቆና ማንኪያ ይዛ ከኋላ ቆመች፣ በክንድ ርቀት።

በቀኝ። ኪል። ሩፈይዳ ዞረች። አልሃምዱሊላህ፣ ዞረች፣ ቀስ፣ ገና ነው፣ ጋሽ ሽበሺ የመነጽሩን ቤት እያርገበገቡ ዓይኗን መለሱት። በግራ። ኪል። ልጅቷ ቀና አለች፣ ዞረች፣ ወደ ቀኝ። ማንም በሌለበት። ባዶውን ቦታ አየችው፣ ፈለገችው፣ ጎንበስ ብላ የወንበሩን ሥር አየች። አሁንም በግራ፣ ኪል ኪል፣ አሁንም በቀኝ ፈለገች፣ ግንባሯ ተኮሳተረ፣ የጠፋበትን የሚፈልግ ሽማግሌ መስላ። ነጅላ ልጇን በሁለት እጇ ያዘቻት።

አቢጊያ ገጹን ገለጠች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ቶሎ በይ፣ እንዴት ነው ይሄ ሁሉ የተማረ ሰው እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያነበው፣ ትሰማለች ነጅላዬ፣ ትሰማለች፣ ግን በአንዱ ይመስላል፣ አንዱ ጆሮ ሲደክም ድምፁ ከየት እንደመጣ አይለይም ይላል፣ ሁሉም በደህናው በኩል የመጣ ይመስላታል፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ቃል አለማውጣቷም ከዚህ ይሁን ከሌላ አላውቅም፣ ሰኞ ሆስፒታል አብረን እንሄዳለን፣ ገጹን ፎቶ አነሳዋለሁ። ጋሽ ሽበሺ፣ ሰኞ ጠዋት ሂጂ፣ ከሰዓት ግን እዚህ ነሽ፣ አምስቱንም መደርደሪያ በቁጥሩ ትመልሺልኛለሽ፣ አጠገብሽ ቆሜ። ከሰዓት እዚህ ነሽ አሉ፣ አላባረሯትም፣ እሺ ጋሼ፣ እሺ፣ ግን ነጅላ አሁን እዚያ የለችም፣ ወደ ቀኝ፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ፣ ንቃኝ አይደለም፣ ሰምታኝ ነው፣ ስጠራት ሰምታኝ እኔ በሌለሁበት ስትፈልገኝ ነው፣ ስንት ቀን፣ ስንት ጊዜ አጥታኝ ተወችው፣ የቱ ጆሮዋ ነው ትራሱ ላይ የሚተኛው፣ ደህናው ከሆነስ፣ የቱ ጎኔ ላይ ነው የማቅፋት፣ ሰው በአንድ ጆሮ ቃል ይማራል፣ ይማራል መሰለኝ፣ መጽሐፉ ያውቅ ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለውስ መጽሐፍ፣ ነጥብ ስምንት ቤት ውስጥ ሌላ ማን ይኖራል፣ ቆይ፣ መጀመሪያ፣ አንገቷን በልጇ ቀኝ በኩል ዝቅ አደረገች፣ ጀርባዋ እስኪጎብጥ፣ ትንፋሿ ብቻ እስኪቀር ድምፅዋን ቀነሰች።

ሩፊ።

ፀጉሯ የእናቷን ከንፈር እየዳበሰ፣ ልጅቷ ዞረች።