ድርብ ስፌት

ሙዘይን ክር ላይ ስስታም ነው። በቀጨኔው የልብስ ሰፊዎች ማኅበራችን ከወለል ላይ ቁራጭ ክር እየለቀመ የሚሰፋ እሱ ብቻ ነበር።

«ቤትህ ቢቃጠል መጀመሪያ የምታወጣው ክር ነው» እለዋለሁ።

«ዘሀራማ እግር አላት፣ ራሷ ትወጣለች» ይለኛል። ዘሀራ ሚስቱ ናት።

ድሮ የተማሪ ዩኒፎርም ነበር የምንሰፋው። ከሶማሊያ ጦርነት ወዲህ ግን ከካኪ ሌላ ጨርቅ ረሳን። ጦሩ በበዛ ቁጥር ሥራችንም በዛ፤ ስድስት የነበረው የስፌት መኪና ሃያ ደረሰ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ። ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁና በየልብሱ እስር ላይ የሚላክለትን ክፍለ ጦር ቁጥር የምጽፈውም እኔ ነኝ። የሙዘይን ልጅ አማን ኦጋዴን ከዘመተ አራት ዓመቱ ነው። የእሱ ክፍለ ጦር ተራ ሲደርስ ሙዘይን ከመኪናው ቀና ብሎ «አሳምረህ ጻፍ» ይለኛል።

በ1980 መጋቢት መጨረሻ ላይ ሬዲዮው ከሶማሊያ ጋር ሰላም ወረደ አለ። ዘሀራ ቡናማ ሱፍ ጨርቅ ታቅፋ እየሮጠች መጣች።

«የአማን አባት! ልጄን ዳግመኛ በካኪ አላየውም። ሙሉ ልብስ ስፋለት!»

ሙዘይን የዚያኑ ቀን ቆረጠው። ሊቀመንበራችን ግዛቸው «እንግዲህ ሥራ ፈታን በሉ» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ትንሽ ፈርቼ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የጭነት መኪና መጣ። ያራገፈው ካኪ አልነበረም፤ ወፍራም የካፖርት ጨርቅ ነው። ትእዛዙ ሁለት ሺህ ካፖርት። ዝርዝሩን ገለጥኩት፤ መጀመሪያ የተጻፈው የአማን ክፍለ ጦር ነው።

ኦጋዴን በረሃ ነው። ካፖርት የሚለበሰው ሰሜን፣ ተራራው ላይ ነው። ጦርነቱም ያለው እዚያ ነው።

ሙዘይን ከኋላዬ ቆሞ ኖሯል።

«ቁጥሩ ልክ ነው?»

«ልክ ነው።»

«በቃ፣ አሳምረህ ጻፍ» አለና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ።

በማግስቱ ዘሀራ ብቅ አለች። «ሙሉ ልብሱ አለቀ?»

«ገበሩ ቀረ» አላት ቀና ሳይል።

«አንተ መሸሻ፣ ቁልፉንስ?»

«ገበሩ ይለቅ» አልኩ እኔም።

«ይሄ ሁሉ ካፖርትስ ለማን ነው?»

«ለእንጦጦ ዘበኞች» አላት ሙዘይን።

«ቀልደኛ!» ብላ እየሳቀች ሄደች።

የአማን ልክ ቁጥር ሦስት ነው። ከሁለት ሺሁ ስድስት መቶው ቁጥር ሦስት ነበር። ሙዘይን ሁሉንም ወደ ራሱ ሰበሰበና የእያንዳንዱን ትከሻና ብብት ደግሞ ደጋግሞ ሰፋ። ወለሉ ላይ ቁራጭ ክር ተከመረ፤ ጎንበስ ብሎም አላየው።

«ሙዘይን፣ ምን ሆነሃል? ክሩን ጨረስከው እኮ!» አለ ግዛቸው።

ሙዘይን ሌላ ካፖርት ከመርፌው ሥር አስገባ። ግዛቸው ወደ እኔ ዞረ። እኔም የተከልኩትን ቁልፍ አስቀምጬ ተነሣሁ፤ ከሣጥኑ አዲስ ጥቅል ክር አውጥቼ መኪናው ላይ ሰካሁለት።