ቶሩን የበላው ግድግዳ

ግድግዳው ከቆመ ጀምሮ መደርበክ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርቶ ነው የሚኖረው። ሳሎኑ ረጅም ነበር፤ ያለችው አንድ መስኮት ግን ጫፉ ላይ ናት። ግድግዳው መሃሉን ሲቆርጠው መስኮቷ ለአዲሱ መኝታ ክፍል ደረሰች፣ ጨለማው ለሳሎኑ። የማሞቂያው ብረትም ከመስኮቷ ጋር ሄደ። አሁን ብርዱ ገብቶ ሰውዬው በገዛ ሳሎኑ ካፖርት ለብሶ ሻይ ይጠጣል።

ይህን ሁሉ ያመጣው የእህቱ ልጅ ታላንት ነው። ቤት በማሻሻጥ ይተዳደራል፤ ምላሱ ከእግሩ ይቀድማል። በሐምሌ መጣና፣ "አጎቴ፣ ባለ አንድ መኝታ ቤት ዛሬ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ቢሽኬክ እኮ በልጅ ተጥለቅልቃለች። አንዲት ግድግዳ አቁምና ባለ ሁለት መኝታ በለው፣ ደረጃው ላይ ይሰለፉልሃል" አለው። መደርበክም አመነ። ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ሲነዳ የተሳፋሪ ውሸት ሲሰማ የኖረ ሰው፣ ይህን አመነ።

የሚያጣድፈው ጉዳይ ነበረው። ሚስቱ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል። ልጁ ጂልድዝ ያገባችው ባርስኩን፣ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ነው፤ ከእሷ አጥር ጋር የተያያዘ፣ ስድስት የአፕሪኮት ዛፍ ያለው ቤት ለሽያጭ ቀርቧል። ባለቤቱ፣ "ለአንተ ስል እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አትቀየመኝ" ብሎታል። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀረው። መደርበክ ከልጅ ልጆቹ አጠገብ ማርጀት ነው የሚፈልገው። አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ከቴሌቪዥን ጋር መነጋገር አንገፍግፎታል።

ግድግዳውን የሠራው ራሱ ነው። ጂፕሰሙን በትከሻው ተሸክሞ አራት ፎቅ አወጣ። መጀመሪያ ያቆመው ተንጋደደና አፈረሰው። ሁለተኛው ቀጥ ቢልም መሃሉ ላይ የገጠመለት በር አልዘጋ አለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አቧራ በላ፣ አቧራ ጠጣ። ከዚያ ገዢዎች መጡ። አንዷ ቆም ብላ፣ "ይሄ ሳሎን ነው ኮሪደር?" ብላ ወጣች። ሌላው ግድግዳውን በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ሳቀ። ከመጡት ሰባት ሰዎች መልሶ የደወለ አልነበረም።

"ዕድል ነው፣ አጎቴ" ይላል ታላንት።

"ዕድሌ አንተ ነህ" ይለዋል መደርበክ።

ሐሙስ ዕለት ባትማ አፓ የሚሏቸው አሮጊት ከልጃቸው ከኑርዲንና ከምራታቸው ጋር፣ ታላንትን ተከትለው መጡ። እኚህ ሴትዮ በሐምሌም መጥተው ነበር፣ ግድግዳው ሳይኖር። ያኔ ቶሩ ላይ፣ ከበሩ ትይዩ መስኮቷ ሥር ባለው የታላላቆች ቦታ ተቀምጠው፣ ዳቦ ቆርሰው፣ "ይሄ ቤት ሰው ያስቀምጣል" ብለው ነበር። ሊገዙም ፈልገው ነበር። ታላንት ነው "ትንሽ ታገሱ፣ ሁለት መኝታ እናደርግላችኋለን" ብሎ የመለሳቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

መደርበክ የማዕዱን ጨርቅ ወለሉ ላይ ዘርግቶ ዳቦውን አስቀመጠ። ዳቦ ሳይቀምስ ከቤት የሚወጣ እንግዳ የለም። ግን ማንም አልተቀመጠም። ባትማ አፓ ቆመዋል፣ እሳቸው ሳይቀመጡ ደግሞ ሌላው አይቀመጥም። አሮጊቷ ወዲህ ሲያዩ የመግቢያው በር ነው፣ ጫማ የተደረደረበት። ወዲያ ሲያዩ የመኝታ ክፍሉ በር ነው።

"የት ነው የምቀመጠው?" አሉ።

"የትም ይቀመጡ፣ አፓ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው" አለ ታላንት።

"የትም የሚቀመጠው ጫማ ነው።" ወደ መደርበክ ዞሩ። "በሐምሌ የተቀመጥኩበት ቦታ የት ሄደ?"

መደርበክ በጣቱ አመለከተ። "ከግድግዳው ወዲያ ነው።"

"አልጋው ሥር ማለትህ ነው?"

መደርበክ ወለሉን ለክቷል፣ ጣሪያውን ለክቷል፣ የበሩን ስፋት ሦስት ጊዜ ለክቷል። ታላቅ ሰው ሲመጣ የት እንደሚቀመጥ ግን አንዴም አልለካም። በስልሳ ሦስት ዓመቱ፣ ያውም ኪርጊዝ ሆኖ። ጆሮው እስኪግል አፈረ።

"እማ፣ ልጆቹ እኮ ክፍል ያስፈልጋቸዋል" አለ ኑርዲን ቀስ ብሎ።

"ልጅ የትም ይተኛል። እንግዳ ግን የትም አይቀመጥም።"

"አፓ፣ ነገ አፈርሰዋለሁ" አለ መደርበክ።

"ነገ ለጎረምሳ ነው፣ ልጄ። እኔ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው። ዛሬ ከሰዓት ሌላ ቤት ልናይ ቀጠሮ አለን።"

መደርበክ ወደ ኩሽና ሄዶ መዶሻውን ይዞ ተመለሰ።

"አጎቴ፣ አበድክ እንዴ? የሦስት ሳምንት ልፋት እኮ ነው!"

"የማን ልፋት?" አለ መደርበክ።

ባትማ አፓ ጎንበስ ብለው ዳቦውን አነሱና በትከሻቸው ሻርፕ ሸፈኑት። መደርበክ መዶሻውን አሳረፈ። አንዱን ለአቧራው፣ አንዱን ለብርዱ፣ አንዱን "ኮሪደር ነው?" ላለችው ሴትዮ። ኑርዲን ጃኬቱን አውልቆ የተሰነጠቀውን በእጁ ይገነጥል ጀመር። ጂፕሰሙ ሲወርድ የመስኮቷ ብርሃን እስከ መግቢያው በር ደረሰ። አሮጊቷ ቆመው በቀሩት የግድግዳው እንጨቶች መካከል አለፉ፣ አልጋውን ምራታቸው ገፋችላቸው፣ ዳቦውን ታቅፈው መስኮቷ ሥር ተቀመጡ። ትከሻቸው በሙሉ በአቧራ ነጭ ሆኗል።

"በሉ፣ አሁን ሻይ ይምጣ። ኑርዲን፣ ለዚያኛው ሰውዬ ደውልና አንመጣም በለው።"

ሁሉም በየዕድሜው ቦታ ቦታውን ያዘ። ለመደርበክ የተረፈው ከበሩ አጠገብ፣ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጎን ያለው ነው፤ የሚስቱ ቦታ። እዚህ በኖረበት ዘመን ሁሉ እሱ ቶሩ ላይ፣ ጀርባውን ለመስኮቷ ሰጥቶ ነበር የሚቀመጠው። ቀና ሲል ከአሮጊቷ ራስ በላይ በረዶ የለበሰው ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታያል። ሚስቱ "ቆንጆ ቤት ነው እኮ" ስትለው "ምኑ?" ይላት ነበር። አሁን ዓይኑን ከተራራው ሳያነሳ ሲቀዳ ሻዩን ደፋው።

ባትማ አፓ ዳቦውን ቆረሱና የመጀመሪያውን ቁራሽ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፈው ላኩለት።

"እንካ፣ ልጄ፣ ብላ። ከእንግዲህ እንግዳችን ነህ።"

ተቀብሎ ጎረሰው። ትንሽ አቧራ ነበረበት።