የቀረው ክፍል

ዶሪን ፕሩዌት ያንን የቴሌቪዥን ድራማ ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ታሪኩ የሷ የወንበዴ ቤተሰብ ታሪክ እንደሆነ በሚኖሩበት በበርመንዚ ሰፈር ውስጥ የማያውቅ የለም፤ ስም ብቻ ነው የቀየሩት። "ይቺ ላባዋ የረገፈ ዶሮ እኔን ነው የምትጫወተው?" እያለች ተዋናይዋን ትራገማለች። ቢሆንም ሐሙስ በመጣ ቁጥር ልጇን ግሌንን ታስጠራውና፣ ገዳዩ ሳይታወቅ በቀረው ባሏ ወንበር ላይ አስቀምጣው አብረው ያያሉ።

በአራተኛው ሐሙስ ግሌን የተጠበሰ ዓሳና ድንች ይዞ እየሳቀ ገባ።

"እማ፣ ደስ ይበልሽ! ድራማውን ሰረዙት። የሚያየው ሰው ጠፋ አሉ።"

"ምን ያስቅሃል?"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ስትረግሚው የከረምሽው?"

"ዛሬ አባትህን ማን እንደገደለው ሊያሳዩ ነበር።"

"ተያቸው ባክሽ! እነሱ ምን ያውቃሉ?"

"ምንም አያውቁም።" ሪሞቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። "አንተ ግን ድራማው ላይ አባትህ ብቅ ባለ ቁጥር መጉረስ ታቆማለህ። ባለፈው ሐሙስማ ከኋላው በሩ ሲከፈት፣ ገና ሽጉጡ ሳይታይ ዓይንህን ጨፈንክ።"

ግሌን ክው አለ። "እማ..."

"እማ አትበለኝ! እዚህ ተጎልቼ ድራማ የማይ መስሎሃል? የማየው አንተን ነበር።" በሩን ቆለፈችና ቁልፉን ኪሷ ከታ፣ የባሏን ወንበር በእግሯ ገፋችለት።

"ተቀመጥ። የቀረውን ክፍል አንተ ትነግረኛለህ።"